ቡችላን በመሪ ውሻ አሳዳጊዎች ዘዴ በጎንደር ግቢ ማሳደግ

ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾችን የሚያሠለጥን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1916 እ.ኤ.አ. በጀርመን፣ ኦልደንበርግ ከተማ ተከፈተ፤ የታሰበውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ቡችላውን ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ለአንድ ቤተሰብ ይሰጡታል። ቤተሰቡ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አሳድጎ ለሥልጠና ይመልሰዋል። ሥልጠናውን የማያልፉ አሉ፦ ዳሌው የታመመ፣ ድምፅ የሚያስደነግጠው፣ ድመት ካየ ልቡ የማይመለስ። እንዲህ ያለው ውሻ ብዙ ጊዜ ወዳሳደገው ቤት ተመልሶ የቤት ውሻ ይሆናል። ሲያድግ በማንም እጅ፣ በየትኛውም ቤት ተስማምቶ እንዲኖር ተደርጎ ስለሆነ ግሩም የቤት ውሻ ይወጣዋል። ዘዴው ዝርያ አይመርጥም፤ ከጎረቤት የተገኘ ያገራችን ቡችላም በዚሁ መንገድ ያድጋል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን በዚህ መልክ ያደገ ውሻ መሪ ውሻ አለመሆኑ ነው። መምራትን የሚያስተምሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ ያውም ወራት ይፈጃል። ክዳን በሌለው ቦይና በዳገት ቁልቁለት በሞላው የጎንደር መንገድ ላይ ዓይነ ስውር ሰው እንዲህ ያለ ውሻ ተከትሎ እንዲሄድ በፍጹም አታድርጉ።

ዋናው ሕግ ለትልቁ ውሻ የማትፈቅዱትን ለቡችላው አለመፍቀድ ነው። አራት ኪሎ ሳለ ዘሎ ሲጠመጠም ያሳሳል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሲሆን ያንኑ ቢያደርግ አያትን ከደረጃ ይጥላል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ፤ አባት የከለከለውን ልጅ ከፈቀደ ቡችላው ምንም አይማርም።

ሽንት። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይችልም። ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ በገመድ ይዛችሁት ውጡ። ሌሊትም አንድ ጊዜ ውጡ። መሽናት ሲጀምር ረጋ ብላችሁ «ጨርስ» በሉ፤ ሲያበቃ «ጎሽ» ብላችሁ ትንሽ ሥጋ ስጡት። ሳምንታት ሲያልፉ ቃሉን ሲሰማ ብቻ ይሸናል። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው አትምቱት፣ አፍንጫውንም ሽንቱ ላይ አታስነኩት። እንዲህ የተደረገ ቡችላ የሚማረው ተደብቆ መሽናትን ነው።

ምግብ። እስከ ሦስት ወር በቀን አራቴ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ወጥ አትስጡት፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰብራሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል፤ ያልተጋገረ ሊጥ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከቤት የሚተርፍ ሥጋ ስለማይኖር ብዙ ቡችላ በእንጀራ ብቻ ይከርማል፤ እድገቱም የሚቀጭጨው ያኔ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ እሾሁ ተለቅሞ የወጣለት የተቀቀለ የጣና ዓሣ፣ ያለ ሽንኩርት የበሰለ ምስር ከእንጀራው ጋር ስጡት።

በበዓል እርድ ጊዜ ጥሬ ሳንባና ጉበት ፈጽሞ አትወርውሩለት። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ ትንሿን የኮሶ ትል ይይዛል፤ በዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ልጆች እጅ ላይ ደርሶ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ እባጭ ያበቅላል። የትል መድኃኒት እስከ ሁለት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ስድስት ወር በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። መጠኑ በክብደቱ ስለሆነ ሐኪም ይወስነው፤ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ያለበት እንዲሆን ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው በከተማው ባለሙያ አይታጣም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይከተብ፤ በዓመቱም ይደገምለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

«ተው»። ከዘዴው ሁሉ ለኛ መንገድ ይህን የሚያህል የለም፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ያለ አጥንት ብዙ ውሻ አሳስቷል። ቁራጭ ሥጋ በጭብጣችሁ ይዛችሁ ወደ አፍንጫው አስጠጉ። ይልሳል፣ ይቧጥጣል፣ ያላዝናል፤ ዝም በሉት። ለአንዲት ቅጽበት ፊቱን መለስ ሲያደርግ «ጎሽ» በሉና ከሌላው እጃችሁ ስጡት። ከሌላው እጅ መሆኑ ግድ ነው፤ የተወው ነገር መቼም የእሱ እንደማይሆን፣ በመተዉ ግን ሌላ እንደሚያገኝ የሚገባው እንዲያ ነው። ቀጥሎ ጭብጣችሁን ክፈቱ፤ ከዚያ ሥጋውን መሬት ላይ አድርጋችሁ በጫማ ሸፍኑት፤ በመጨረሻ በገመድ ይዛችሁት መንገድ ላይ። የማይሳካላቸው ብዙዎቹ የመሬቱን ደረጃ ዘለው መንገድ የሚወጡ ናቸው።

ቡና ላይ መቀመጥ። ከሰል፣ ጀበናና ሲኒ ባለበት ቡችላ ከፈነጨ አደጋ ነው። ጆንያ አንጥፉና አንድ ሜትር በሚሆን ገመድ ከከባድ ነገር እሰሩት። «ቦታህ» ብላችሁ ሲጋደም ሽልማቱን በሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል መሬት ላይ አኑሩ፤ በእጅ ከሰጣችሁት እጅ እጃችሁን እያየ ይነሳል። መጀመሪያ አቦል እስኪጠጣ ብቻ ይቆይና ይውጣ። እሱ ሲለመድ ቶናን፣ ቀጥሎም በረካን ጨምሩ። የነጠላ ጫፍ ከነከሰ አትጎትቱ፤ ጨዋታ ይመስለዋል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ሲለቅ የሚያኝከው እርጥብ ጨርቅ ስጡት፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ጥርስ ስለሚቀይር ድዱ ይበላዋል።

ድምፅና ሰው። ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚለምደው እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ታቅፋችሁት ውጡ። ከፒያሳ ባጃጆች ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ሥጋ ስጡት፤ አልበላ ካለ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ራቁ። ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ መሸሽ ወይም መጮህ የውሾቻችን ሁሉ ጠባይ ሆኗል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልጆቹ ጎንበስ ይበሉ፣ ጠጠር ያንሱ፣ ይጣሉት፣ ወዲያው ምግብ ይስጡት። ጥር 11 የፋሲል መዋኛ ሕዝብ፣ ከበሮና እልልታ ግን ዓመት ላልሞላው ቡችላ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ሬዲዮ ተከፍቶለት ቤት ይቆይ።

ከሌላ ቤት ሲመለስ። ውሻው ጥቂት ወራት ዘመድ ጋ ቆይቶ ከተመለሰ፣ ብዙ ሰው አዝኖለት ሕጉን ሁሉ ያላላል፤ ያ ያደናግረዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደ አዲስ ቡችላ ቁጠሩት፦ ሽንት በሰዓቱ፣ ግቢ ውስጥም ገመድ፣ እንግዳ ጥቂት። ምግቡን በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ እዚያ ይበላ ከነበረው ጋር እየቀላቀላችሁ በ7 ቀን አሸጋግሩት፤ አለዚያ ያስቀምጠዋል። በግቢው ሌላ ውሻ ካለ ከበሩ ውጭ ሁለት ሰው ሁለቱን በገመድ ይዞ ጎን ለጎን ይራመድ። ተሸታትተው ፊታቸውን ሲያዞሩ አብረው ይግቡ፤ የመብል ሳህናቸው ግን ለየብቻ፣ በተለያየ ጥግ ይሁን።