ሶፋችንን ከሚጡ ጥፍር ያዳነው አጣናና የቃጫ ገመድ

አዲሱ ሶፋ ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት የእጅ መደገፊያው ክሩ ተመዞ ተንጠለጠለ። ድመታችን ሚጡ ናት። ከእንቅልፏ እንደነቃች ቀጥ ብላ ትሄድና በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ወገቧን ለጥጣ ትቧጭረዋለች። እጮህባት ነበር። ውሃም ረጭቼባታለሁ። ትርፉ እኔን ስታይ አልጋ ሥር መደበቅ ሆነ። ሶፋውን ግን ሥራ እስክሄድ ጠብቃ ትቧጭራለች።

አንድ ቅዳሜ ሶፋው ሥር ስጠርግ እንደ ሱፍ ቅርፊት የሳሳ፣ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ባዶ ነገር አገኘሁ። ጥፍሯ የተነቀለ መስሎኝ ክው አልኩ። አቅፌ መዳፏን ቀስ ብዬ ስጫን ጥፍሮቿ ሁሉም አሉ። አንዱ እንዲያውም አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል።

የድመት ጥፍር ተደራርቦ ነው የሚያድገው። አሮጌው ሽፋን የሚወልቀው ስትቧጭር ነው። መዳፏ ላይ ደግሞ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ በቧጨረችበት ሁሉ ለእኛ የማይሸተን የራሷ ሽታ ይቀራል። «እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ» እንደማለት ነው። ለዚህም ነው ጓዳውን ትታ ሁላችንም የምንቀመጥበትን ሶፋ የመረጠችው። ተንኮል የለበትም። መቧጨሯን ማስቆም አይቻልም፤ ቦታውን ማስቀየር ግን ይቻላል።

የሰፈራችን አናጢ ወፈር ያለ አጣና በ90 ሳንቲሜትር ቆረጠልኝ። ቁመቱን አትሰስቱበት። ተዘርግታ ስትቆም ከመዳፏ በላይ መትረፍ አለበት። ከሥሩ 50 በ50 የሆነ ከባድ ጣውላ በብሎን አሰርንበት። በጣም የምትጠነቀቁት እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከተነቃነቀባት ወይም ከወደቀባት ሁለተኛ አትጠጋውም። ከዚያ ከመርካቶ የገዛሁትን የቃጫ ገመድ ኮላ እየቀባሁ፣ ከታች ጀምሬ ክፍተት ሳልተው ጠመጠምኩት። የናይለን ገመድ አትግዙ፣ ያንሸራትታታል። ጫፎቹን የመታችሁበት ምስማር ራሱ ወጥቶ እንዳይቀር በጣታችሁ ዳስሱት።

ሳሎን አያምርም ብዬ በረንዳ ላይ አቆምኩት። ሳምንት ሙሉ ዞር ብላም አላየችውም። ስህተቱ የእኔ ነበር። አምጥቼ ከተበላሸው መደገፊያ ፊት ለፊት ገተርኩት፣ ሶፋው ላይ ደግሞ በሁለት ጎኑ የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጠፍኩ። መዳፏ ላይ ሲጣበቅ አትወድም። በማግስቱ ጠዋት ሶፋውን ነካ አደረገች፣ መዳፏን አራገፈች፣ ዞረችና ገመዱን ያዘችው። ያኔውኑ ቁራጭ ሥጋ ሰጠኋት። እግሯን ይዛችሁ ግን አታለማምዷት፤ ፈርታ ትርቀዋለች። እንጨቱን ወደ ጥግ መግፋት የጀመርኩት ከወር በኋላ ነው፣ እሱም በቀን ጣት ሁለት ጣት ያህል።

የእናንተዋ የምታበላሸው ምንጣፍ ከሆነ የቆመ ነገር ላትወድ ትችላለች። ገመዱን ጣውላ ላይ ጠምጥማችሁ ወለሉ ላይ አጋድሙላት። ወፍራም ካርቶንም ይሠራል።

ከቤት ለማትወጣ ድመት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የጥፍሯን ሹል ጫፍ መቁረጥ ይረዳል። ሲያንቀላፋት ይቀላል። ሮዝ ወደሚመስለው ክፍል አትጠጉ፤ ደም ሥር አለው፣ ያማታል። ውጭ የምትውለውን ግን ተዉላት፤ ውሻ ሲያባርራት አጥር የምትወጣው በጥፍሯ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ «ለምን ጥፍሯን ከነሥሩ አታስወጪላትም?» ብላኛለች። ይህ ጥፍር መቁረጥ አይደለም። የእያንዳንዱ ጣት የመጨረሻ አጥንት ነው አብሮ የሚቆረጠው። እስራኤል በ2011፣ የኒውዮርክ ግዛት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሕግ ከልክለውታል። ሶፋ ይጠገናል፣ ጣት ግን አይበቅልም።

የሚጡ ገመድ አሁን መሃሉ ተበጣጥሶ ጠጉር አውጥቷል። እንግዳ ባየው ቁጥር «ጣዪው» ይለኛል። አልጥለውም፤ ሽታዋ ያለው እዚያ ነው። አዲስ ገመድ የምጠመጥመው እንጨቱ በታየበት በኩል ብቻ ነው።