የአንጎል ኤቪኤም የደም ፍሰት ስሌት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ከሕክምና በፊትና በኋላ ያለውን የደም ፍሰት የሚያሰላ የኤቪኤም የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶ ላከልኝ። ብዙ ደክሞበታል፤ ያስታውቃል። ግን ያው የማውቀው ስህተት ተደግሟል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኤቪኤም ማለት ደም ቅዳና ደም መልስ፣ መሃላቸው ካፒላሪ የሚባሉት ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ፣ በቀጥታ የሚገናኙበት የደም ሥሮች ቋጠሮ ነው። ቋጠሮውን ኒደስ እንለዋለን። የሚያዘገየው ስለሌለ ደሙ በዚያ በኩል ይጋልባል።

የመጀመሪያው ስህተት ከሕክምና በፊት የተለካውን ፍሰት ለ“በኋላ”ውም መጠቀም ነው። ይሄኛው ያበሳጨኛል። ወደ ቋጠሮው የሚሄደው ደም ቅዳ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ይወስድ ነበር እንበል። ሐኪሙ ኒደሱን ኦኒክስ በሚባል ፈሳሽ መድፈኛ ደፈነው። እናንተ አሁንም በመግቢያው 400 ታስገባላችሁ። ያ ሁሉ ደም ወዴት ይሂድ? ኮምፒውተሩ አይጠይቃችሁም፤ በቀሩት ቀጫጭን ቅርንጫፎች በግድ ያሳልፈዋል። ከዚያ የፍትጊያ ኃይሉ፣ ማለትም ደሙ ግድግዳውን እያሻሸ ሲያልፍ የሚያሳርፈው ኃይል፣ ሰማይ ይነካል። እናንተም “ሕክምናው አደጋውን አባባሰው” ብላችሁ ትጽፋላችሁ። 400 የመጣው መንገዱ ክፍት ስለነበረ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ እያለሁ ውጤቱን ይዤ ወደ አንድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሄድኩ። ትንሽ አየውና “ይሄ ሁሉ ደም የት ነው የሚሄደው?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሦስት ሳምንት ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በመግቢያው ግፊቱን፣ በመውጫው ደግሞ ቅርንጫፉ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚገታ እሰጣለሁ። ፍሰቱን ስሌቱ ራሱ ያውጣው። ከሕክምና በኋላ የተወሰደ ልኬት ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ ፍሰት ቀነሰ ሲባል ግፊትም የቀነሰ መምሰሉ ነው። ፎቅ ላይ የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ታች ያለው ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት የላይኛው ውሃ ይቀጥናል፤ ሲዘጋው ይመለሳል። ኤቪኤምም እንደዚያ ነው። ቋጠሮው ክፍት ሳለ ወደ እሱ በሚሄደው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ከጤነኛው ያነሰ ነው። ሲዘጋ ፍሰቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ግን ይወጣል። በ1978 የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ስፔትዝለርና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ዝቅተኛ ግፊት የለመዱ የአካባቢው ሥሮች መኮማተር ተስኗቸው ድንገተኛውን ግፊት ስለማይችሉት፣ እብጠት ወይም መድማት ሊመጣ ይችላል። በ1993 አል-ሮድሃንና ባልደረቦቹ ደግሞ ምክንያቱ የደም መልሶች መታፈን ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ሐኪሞቹን የሚያስጨንቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት የታካሚውን የደም ግፊት በጥብቅ ይከታተላሉ።

ደም መልሱን አትርሱ። ብዙዎች መውጫው ላይ ዜሮ ግፊት አስቀምጠው ያልፋሉ። በኤቪኤም የደም መልስ ግፊት ከጤነኛው ከፍ ያለ ነው። ኒደሱ ገና ደም እየተቀበለ መውጫው ቢዘጋ ግፊቱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቋጠሮውን ሊያፈነዳው ይችላል። ቀዶ ሐኪሞች ዋናውን ደም መልስ ለመጨረሻ የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

የቧንቧውን፣ ማለትም የደም ሥሩን፣ ስፋት በግምት አትሣሉ። ፍሰቱ ያው ሆኖ ሬዲየሱን በ10 በመቶ ብታሳንሱት የፍትጊያ ኃይሉ በ37 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ኒደሱን ሥር በሥር ለመሣል አትድከሙ፤ ምስሉ ያን ያህል አያሳይም። እንደ ስፖንጅ ቁጠሩት።

“በኋላ” የምትሉት መቼ እንደሆነም ጻፉ። በጨረር የታከመ ኤቪኤም ለመዘጋት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ የመድማት አደጋው አለ። በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ደግሞ ፍሰቱ በዕለቱ ይወርዳል፣ ለዓመታት የሰፋው ደም ቅዳ ግን ወዲያው አይጠብም። ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ደሙ ዝግ ይላል፤ አንዳንዴም ይረጋል። ለተማሪው የጻፍኩለት የመጨረሻ ጥያቄም ይሄው ነበር፦ ሁለተኛው ምስል የተነሣው ከሕክምናው በስንተኛው ቀን ነው?