ባለቤታችሁ ፖሊስ ማሰልጠኛ ከገባ ጥያቄውን በቁጥር ላኩለት

አንዳንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ስልክ የሚፈቀደው ማታ ለጥቂት ደቂቃ ነው። «እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ» ሲባል ሰዓቱ ያልቅና ዋናው ጉዳይ ሳይነሳ ይቀራል። መላው፦ ስልኩ ዝግ ቢሆንም ቀን ላይ፣ ውሳኔ የሚሹትን ነገሮች ብቻ ቁጥር ሰጥታችሁ በአጭር መልእክት ላኩ። ከ3 አይብለጡ። «ምን ይሻላል?» አትበሉ፤ አማራጭ ስጡ።

«1. ፍሪጁ ይጠገን? ሀ) አሁን ለ) ስትወጣ
2. የልጁን ቀጠሮ ወደ ሐሙስ ላዙረው?»

እሱም «1ለ፣ 2 አዎ» ይላል፤ አለቀ።

ከንጋት ጀምሮ ሲሮጥና ሲሰለፍ የዋለ ሰው መምረጥ አያቅተውም፤ አስቦ ማብራራት ግን ያቅተዋል። («አንቺ እንዳልሽ» የምትለዋ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ድካም እንጂ ግዴለሽነት አይደለችም።) የስልኩ ደቂቃም ለጨዋታ ይተርፋል።

ለሕመም፣ ለሐዘንና ለመሰል አስቸኳይ ነገር ግን አይሆንም፤ ስልኩ ተቆልፎበት መልእክቱ ሳይነበብ ሊያድር ይችላል። ለዚያ የማሰልጠኛውን ተረኛ ስልክ ከነሰልጣኙ መለያ ቁጥርና ምድብ በመጀመሪያው ሳምንት ተቀብላችሁ ያዙ። ብዙ ሰልጣኝ ባለበት ግቢ ሰውን በስም ብቻ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይፈጃል።