ዳሌህ ወልቋል ከተባልክ መጀመሪያ ይሄን አንብብ

"ዳሌህ ወልቋል፣ ልመልስልህ" የሚል ሰው ካጋጠመህ ቀስ በል። ዳሌ ከአከርካሪ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ በወፍራም ጅማት ስለታሰረ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፣ መኪና ካልገጨህ ወይ ከፎቅ ካልወደቅክ እንዲሁ ተነስቶ አይወልቅም። ዞረ፣ ተዛነፈ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ አንዱን ጎን ይዞት ነው። ሲታጠፍ "ቋ" የሚለውም መገጣጠሚያው ውስጥ ያለ ጋዝ ነው እንጂ አጥንት ቦታው ሲገባ አይደለም (ቪዲዮ ላይ ግን ያሳምናል)።

አንዱ እግሬ አጠረ፣ ሱሪዬ በአንድ በኩል ይጎተታል

የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልግና በጀርባህ ተኛ፣ ከፊት ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሰው ይለካልህ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እግርህ አላጠረም፣ የወገብ ጎን ጡንቻ ዳሌውን ወደ ላይ ስቦት ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ሁሌ በአንድ ጎን የሚያቅፉ እናቶች ላይ ይታያል። አጠረ ያልከው እግር ከላይ እንዲሆን በሌላው ጎን ተኛ፣ ወገብህ ስር ጋቢ ጠቅልለህ አድርግ፣ የላይኛውን እጅህን ከጭንቅላትህ በላይ ዘርጋና ቀስ ብለህ ተንፍስ። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ግን ስትሬች እግር አያስረዝምም፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል ባለሙያ ይዘዝልህ።

ከመቀመጫ ስነሳ ቀጥ ማለት ያቅተኛል

ሹፌሮችና የቢሮ ሰዎች፣ ይሄ የናንተ ነው። በብሽሽት በኩል የሚያልፈው ጡንቻ አጥሮ ዳሌውን ወደፊት ያዘነብለዋል፣ የመቀመጫ ጡንቻ ደግሞ ይሰንፋል። አንድ ጉልበትህን ትራስ ላይ አንበርክክ፣ ሌላውን እግር ፊት ለፊት አቁም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወገቡን አጉብጦ ወደፊት ይሄድና ምንም አይሰማውም፣ አንተ መጀመሪያ መቀመጫህን ጨምቀህ የዳሌህን ፊት ወደ ላይ ሳብ አድርግ፣ ያኔ ሳትንቀሳቀስ ራሱ ጭንህ ላይ ይስብሃል። 30 ሰከንድ፣ 2 ወይ 3 ጊዜ በየጎኑ፣ ከዛ በጀርባህ ተኝተህ መቀመጫህን ወደ ላይ ማንሳት 10 ጊዜ።

አልጋ ላይ ስገላበጥ ከቀበቶ በታች አንድ ጎኔን ይወጋኛል

ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ራሱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን እጠፍ፣ ጉልበቶችህ መሃል ትራስ አድርገህ በሩብ አቅምህ 5 ሰከንድ ጨምቅና ልቀቅ፣ ቀጥሎ ጉልበቶችህን በነጠላ አስረህ ወደ ውጪ ግፋ፣ በየተራ 5 ጊዜ። ፊዚዮቴራፒስትም የሚሰራው ተመሳሳይ ነው፣ በእጁ ትንሽ ይቋቋምሃል፣ ስትለቅ እግርህን ትንሽ ጨምሮ ይስበዋል፣ ከ10 ህመሙ 3 ካለፈ ማቆም አለበት፣ "ቻል ቻል" ካለህ ተነስ። እርጉዝ ወይ አራስ ከሆንሽ ጅማቱ በሆርሞን ስለላላ ብዙ መሳብ ያባብሰዋል፣ የዳሌ ቀበቶ ጠይቂ፣ ስትገላበጪም ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ዙሪ።

መቀመጫዬ ውስጥ ያቃጥላል፣ እግሬን ይነዝረኛል

የኋላ ኪስህ ውስጥ ያለውን ዋሌት አውጣ፣ ከዛ በጀርባህ ተኝተህ የሚያምህን እግር ሌላው ጉልበት ላይ አነባብረህ ወደ ደረትህ ሳብ። ንዝረቱ ወደታች እየወረደ ከሄደ መሳቡን አቁም፣ ከወገብ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግርህ ከዛለ ማሸት የለም፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል። የወገብ ህመም ከሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ቲቢ አጥንት ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ወጌሻ ጋ ከመሄድህ በፊት ተመርመር።