ውድ ኬዝ ፋን ያዋጣል ወይ? የሚጮህና የሚሞቅ ዴስክቶፕ ችግርና መፍትሄ

ጥር ሲገባ እዚ ጅማ ሰርጉ ይደራረባል፣ እኔም የሰርግ ቪዲዮ ስለምሰራ ማሽኔ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ (የተቆራረጠውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ) ነው የሚያድረው። በዛ ላይ በጋ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ የነበረው መንገድ አቧራ ሆኖ በመስኮት ይገባል፣ ሰዎች "ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ነው" ብለው ተሸክመው የሚመጡትም በዚሁ ሰሞን ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ያን ቡናማውን የኖክቱዋ ኬዝ ፋን (የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ የሚገጠመውን) ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢያመጣልኝ ይሻለኛል?"

መልሴ ማሽኑ በሚያሳየው ምልክት ነው የሚወሰነው። ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 የሚባለው ውጭ ላይ ከ30 ዶላር በላይ ነው፣ አርክቲክ ፒ12 ደግሞ 10 ዶላር አካባቢ ነው፣ ማለትም በአንዱ ዋጋ ሶስት ይገዛል። ውዱ ለምን ውድ ሆነ ካላችሁ ስራው በጣም ንፁህ ነው፣ በክንፎቹ ጫፍና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ቤሪንጉ (ክንፎቹ የሚሽከረከሩበት መሃሉ) ብዙ ዓመት ይሰራል፣ ካምፓኒው የ6 ዓመት ዋስትና ይሰጥበታል። እኩል ንፋስ ሲሰጡ ድምፁ ከሌላው ያነሰና ለጆሮ የማይረብሽ ነው። ግን 90 ዲግሪ ያለውን ሲፒዩ (ዋናውን ቺፕ) ወደ 65 አያወርድላችሁም፣ ደህና ከሆነ ርካሽ ፋን ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት የጥቂት ዲግሪ ነው። ሰው ብር አውጥቶ የሚያዝነው እዚ ላይ ነው።

ምልክት፦ ገና ሲበራ ጀምሮ በኃይል ይጮኻል፣ ምንም ሳይሰራም አይቀንስም

ይሄ ብዙ ጊዜ የፋኑ ጥፋት አይደለም። ፋኑ 3 ፒን ሆኖ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ላይ ፒደብሊውኤም (ፍጥነትን በ4ኛው ፒን የሚቆጣጠረው) የሚለው ተመርጦ ከሆነ ማዘርቦርዱ ሙሉ 12 ቮልት ይለቅበታል፣ ስለዚ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራል። ባዮስ ገብታችሁ የዛን ሶኬት ሞድ ወደ ዲሲ (ፍጥነትን በቮልት የሚቆጣጠረው) ቀይሩት፣ ከዛ የፍጥነት መስመሩን (በየሙቀቱ ፋኑ ስንት እንደሚፈጥን የሚወስነውን) እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ከዛ በኋላ ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርጉት። ሌላው ምክንያት ፋኑ በሞሌክስ (ባለ 4 ፒን ትልቁ የፓወር ገመድ) ቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ ጋር መያያዙ ነው፣ እንደዛ ከተያያዘ ማንም አይቆጣጠረውም፣ ነቅላችሁ ማዘርቦርድ ላይ ሰኩት። አንድ ወንድማችን ሁለት ውድ ፋን አስመጥቶ ሱቅ ወስዶ አስገጠመ፣ ባለሙያው በሞሌክስ ነው ያሰረለት፣ እና ልጁ "ያው ነው፣ ገንዘቤን በላኝ" እያለ እኔ ጋ መጣ። ገመዱን ቀይሬ ፍጥነቱን ሳወርድለት ክፍሉ ፀጥ አለ። ያን ጊዜ በጣም ያናደደኝ የድሮዎቹ ፋኖቹም በዚሁ ብቻ ፀጥ ይሉ የነበረ መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ምን መሰላችሁ፣ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል አካባቢ ይወርዳል፣ ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው። በደቂቃ 900 ዙር የሚዞር ርካሽ ፋን 2000 ዙር ከሚዞር ውድ ፋን ፀጥ ይላል። ስለዚ መጀመሪያ ፍጥነቱን፣ ከዛ ፋኑን።

ምልክት፦ ሬንደር ወይ ጌም ላይ ይሞቃል፣ ከዛ ስራው ይዘገያል

አብዛኛው የኢንቴል ሲፒዩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ደግሞ እንደ ሞዴሉ 90 ወይ 95 ላይ ነው ገደቡ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጭናችሁ ቁጥሩን እዩት፣ በእጅ ኬዙን ነክቶ "ሞቋል" ማለት አይበቃም።

ከዛ አንድ ሙከራ አድርጉ፣ ምንም ወጪ የለውም፣ እኔ ያለሱ ለማንም ፋን ግዙ አልልም። ያንኑ ስራ 20 ደቂቃ አሰሩትና ሙቀቱን ፃፉ፣ ከዛ የጎኑን ክዳን አውልቃችሁ እንደገና ያንኑ ስራ 20 ደቂቃ አሰሩት። ክዳኑ ሲከፈት 10 ዲግሪና ከዛ በላይ ከወረደ ኬዙ አየር አጥቷል ማለት ነው፣ ፋን መጨመር ወይ መቀየር ይጠቅማል፣ ግን እሱንም 10 ዶላር ያለው ይፈታዋል። የወረደው 2 ወይ 3 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ኬዝ ፋን አትግዙ፣ ችግሩ ሲፒዩው ላይ ያለው ኩለር ነው። ኩለሩን ስትፈቱት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ ቴርማል ፔስቱ (በሲፒዩውና በኩለሩ መሃል የሚቀባው) ደርቆ እንደ ኖራ የሚፈረፈር፣ ወይም በፋኑና በሂትሲንኩ (በኩለሩ የብረት ቅጠሎች) መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ። አቧራው ከውጭ አይታይም፣ ፋኑን ከሂትሲንኩ መለየት አለባችሁ። ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ ዕጣን የሚጨስ ከሆነ ደግሞ (ጅማ ላይ የማይጨስበት ቤት የት አለ) ጭሱ አቧራውን ቅባት ያደርገውና በንፋስ ብቻ አይለቅም፣ በብሩሽ ነው የሚወጣው።

የፊት ገፁ በሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ ካላችሁ ደግሞ ልንገራችሁ፣ የዓለም ምርጥ ፋን ብትገጥሙበት የሚስበው አየር ከሌለ አይጠቅምም። የፊቱን ክዳን አውልቃችሁ ያንን ሙከራ ድገሙት።

ምልክት፦ ፋኑ አራት ነው ግን ሙቀቱ ያው ነው

አቅጣጫ። ፋን አየር የሚተፋው ስቲከሩና እግሮቹ ባሉበት በኩል ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ፍሬሙ ጎን ቀስት አለ። የፊቱ ማስገባት የኋላውና የላዩ ማስወጣት ነው ያለባቸው። ትንሽ ሶፍት ቀዳችሁ ፊቱ ላይ ያዙት፣ መሳብ አለበት፣ ኋላ ላይ መገፋት አለበት። ከዚ በተጨማሪ የሚገባው ከሚወጣው ትንሽ ቢበልጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚወጣው ከበለጠ ኬዙ በየቀዳዳው ያልተጣራ አቧራ ይስባል።

ምልክት፦ ጠዋት ሲበራ "ክርርር" ይላል፣ ከሞቀ በኋላ ይተወዋል

ቤሪንጉ ነው። ርካሽ ፋኖች ላይ ያለው ስሊቭ ቤሪንግ ዘይቱ ሲደርቅ እንዲ ያደርጋል፣ በተለይ ፋኑ በኬዙ ላይኛው ክዳን ተኝቶ የተገጠመ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ስቲከሩን አንስታችሁ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ብታደርጉበት ጥቂት ወር ይሰራል፣ የምግብ ዘይት ግን በጭራሽ፣ ሙጫ ይሆናል። ይሄ ፋን መቀየር አለበት፣ ሲቀየር ደግሞ ቤሪንጉ ፍሉይድ ዳይናሚክ የሚል ይሁን። አርክቲክ ፒ12ም ይሄው ነው ያለው፣ ስለዚ ለእድሜ ብላችሁ የግድ 30 ዶላር ማውጣት የለባችሁም።

ድምፁ ጠረጴዛውን ጭምር የሚያንቀጠቅጥ "ምምም" ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩን ወይ የላላ ብሎን ጠርጥሩ።

ምልክት፦ ያገለገለ ዴል ወይ ኤችፒ ነው፣ ፋን ሲቀየር ሲነሳ ኤረር ይላል

የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ሶኬት ነው ያላቸው፣ ገበያ ላይ ያለው 4 ፒን ቀጥታ አይገባም፣ ቢገባም ፋኑን አላየሁም ብሎ ያቆማችኋል። ለነዚ ውድ ፋን አታስመጡ፣ አፅዱ፣ ፔስት ቀይሩ፣ የሞተ ካለ የዛኑ ሞዴል ፋን ፈልጉ።

ታዲያ መቼ ነው የሚያዋጣው?

እኔ ራሴ አንድ ውድ ፋን አለኝ፣ አልቆጨኝም፣ የገጠምኩት ግን ኬዙ ላይ ሳይሆን ሲፒዩ ኩለሩ ላይ ነው። እዛ ፋኑ አየሩን በጠባብ የብረት ቅጠሎች መሃል መግፋት አለበት፣ ግፊት ይፈልጋል፣ ጥንቅቅ ያለ አሰራር የሚለየው እዛ ነው። ኬዙ ኋላ ላይ አየር በነፃ ስለሚወጣ ርካሹም ስራውን ይሰራል። ሁለተኛው፣ ማሽኑ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰራ ከሆነ፣ ወይ ማይክ ከአጠገቡ አድርጋችሁ ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ። ባለፈው አንዲት የኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ) ተማሪ መጣች፣ ዶርም ያልሆነ ተከራይታ የምትኖርበት አንድ ክፍል ነው፣ እህቷ እዛው ትተኛለች፣ እሷ ሌሊት ፕሮጀክት ትሰራለች። እሷን "ግዢ" አልኳት፣ ግን አንድ፣ ለኩለሩ። ሶስት ለመግዛት ካሰበችበት ብር በተረፈው ራም ጨመረች።

"ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠንካራ ፋን ያስፈልጋል" የሚልም ሰው ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ወደ 1,750 ሜትር ላይ ስለሆንን አየሩ በተመሳሳይ ሙቀት ከባህር ዳርቻው አየር ወደ 20 ፐርሰንት ገደማ ይሳሳል፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ይቀንሳል። ግን ይሄ ውዱንም ርካሹንም እኩል ነው የሚነካው፣ ደግሞም የኛ አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ጅቡቲ ብንሆን ኖሮ ሌላ ነበር።

ስታፀዱ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በንፋስ ኃይል እንዲሽከረከር አትልቀቁት፣ ቤሪንጉን ይጎዳዋል፣ ሲሽከረከርም ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር የምታስነፉ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፣ ከቱቦው ውሃ ይወጣል ግፊቱም ከባድ ነው፣ እዛ ደርሶ ሲመለስ የሞተ ማዘርቦርድ በእጄ አይቻለሁ። ብሩሽና ትንሽ ብሎወር ይበቃል፣ በበጋ በየወሩ፣ ክረምት ላይ በየሶስት ወሩ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ለሚያመጣላችሁ ሰው "የኬዝ ፋን" ብቻ ብላችሁ አትላኩት። የድሮውን ፍሬም ከጫፍ ጫፍ በማስመሪያ ለኩ፣ 120 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 140፣ የ120ው የብሎን ቀዳዳዎች ከመሃል መሃል 105 ሚሊ ሜትር ነው የሚራራቁት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሶኬት ስንት ፒን እንደሆነ በስልክ ፎቶ አንሱና አብራችሁ ላኩለት።