ብርድ አገር፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ስትከራዩ

ኪራዩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ብርድ አገር ላይ፣ በተለይ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ሰፈር ውስጥ፣ ቤት ሁለት ክፍያ አለው። አንዱ ለአከራዩ ነው፣ ሌላው ለሙቀት። ቤቱ ሙቀት የማይዝ ከሆነ ኪራዩ ረከሰልን ብላችሁ የቆጠባችሁትን ገንዘብ የማሞቂያው ቢል በብርዱ ወራት ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፤ ሁለቱን ስትደምሩት መሀል ከተማ ብትከራዩ ይሻል ነበር የሚያሰኝበት ጊዜም አለ።

ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ «ስንት ክፍል አለው?» ከማለታችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ ማሞቂያው በምንድን ነው የሚሠራው? የሚከፍለውስ ማነው? ግድግዳ ሥር የተገጠመ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሚበላው ኤሌክትሪክ በላይ ሙቀት አይሰጥም። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀቱን ከውጭ አየር ላይ ስቦ ስለሚያስገባ በዚያው ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያሞቅ ይችላል፣ ብርዱ ሲጠና ጉልበቱ ቢቀንስም። ጋዝ ከሆነ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እወቁ። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ስትገቡ ታንከሩ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ስትወጡስ ስንት መተው እንዳለባችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ። «ሂሳቡ ያን ያህል አይደለም» የሚል መልስ አትቀበሉ። ያለፈውን የብርድ ወቅት ቢል አሳዩኝ በሉ። የሚደብቀው ነገር የሌለው አከራይ ያሳያችኋል።

ቤቱን የምታዩት ሞቅ ባለ ወር ከሆነ ጠንቀቅ በሉ፤ ያኔ ሁሉም ቤት ጥሩ ይመስላል። የእጃችሁን ጀርባ ውሃ አስነኩና በመስኮቱና በበሩ ፍሬም ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሚገባ ንፋስ ካለ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይሰማዋል። መስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት መሆኑን እዩ። በሁለቱ መስታወቶች መሀል፣ ጨርቅ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ፣ ጉም ወይም የውሃ ጠብታ ካያችሁ ማሸጊያው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ። በውጭው ግድግዳ በኩል የቆመ ቁም ሳጥን ካለ ጀርባውን አጮልቁ፤ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ሌላው ግድግዳ አርጅቶ አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከጋራዥ በላይ ያለ ክፍል ብዙ ጊዜ ከሌላው ይበርዳል፣ ልጆች እዚያ የሚተኙ ከሆነ አስቡበት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሆናችሁ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ሳሎን ምረጡ። ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት ያቺ የቀትር ፀሐይ ቤትም ታሞቃለች፣ ልብም ታሞቃለች።

ምድር ቤት ርካሽ ነው፣ ሰውም ይሻማበታል። መጥፎ ነው አልልም፤ ዙሪያው አፈር ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም። ግን ሁለት ነገር ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። አንደኛ፣ ስትገቡ የእርጥበት ሽታ መኖር የለበትም። ሁለተኛ፣ መኝታ ክፍሉ እሳት ቢነሳ ሰው ሊወጣበት የሚችል፣ ከውስጥ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ይኑረው። ይሄኛው ላይ አትደራደሩ።

አሁን ስለ ውሉ። በረዶ ማን ነው የሚጠርገው? መግቢያውን፣ ደረጃውን፣ ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ? ብዙ ቦታ ደጃፉን ያልጠረገ ሰው ይቀጣል፣ ሰው ተንሸራትቶ ቢሰበር ደግሞ ጣጣው የባሰ ነው። አካፋና በረዶ ማቅለጫ ጨው የሚያቀርበው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ማሞቂያው ቢበላሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ይሠራል? በርካታ ብርድ ከተሞች አከራዩ ሊያሟላው የሚገባውን ዝቅተኛ ሙቀት በሕግ ደንግገዋል፣ የምትሄዱበትን ቦታ ሕግ ፈልጋችሁ አንብቡት። መኪና ካላችሁ ሌሊት መንገድ ላይ ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ የበረዶ መጥረጊያ መኪና በሚወጣበት ሌሊት ማቆም የሚከለክሉ፣ የቆመውንም የሚያስነሱ ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ቤቱን በአካል ወይም በምታምኑት ሰው ዓይን ሳታዩ ዲፖዚት አትላኩ። «አሁን ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ቁልፍ በተቀበላችሁበት ቀን ደግሞ ዕቃ ሳይገባ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹና ለአከራዩ በኢሜይል ላኩለት፣ ስትወጡ ስለ ዲፖዚቱ የሚከራከርላችሁ ያ ቪዲዮ ነው።

ጊዜ ከፈቀደላችሁ በብርዱ መሀል ፈልጉ። ያኔ ቤት የሚቀይር ሰው ጥቂት ስለሆነ አከራዩም ለድርድር ለስለስ ይላል፣ ቤቱም እውነተኛ መልኩን ያሳያችኋል።

ሰፈሩን ደግሞ በሥራ ቀን ማታ እዩት። ቅዳሜ ከሰዓት ያየነው ሰፈር ሌላ ነው። መኪና ከሌላችሁ የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፦ በየስንት ደቂቃው ይመጣል፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት ነው፣ እሑድስ አለ ወይ? ከፌርማታው እስከ ቤቱ በእግራችሁ ሂዱ። የእግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈር አለ፤ በረዶው ተጠርጎ ዳር ላይ ሲከመር መሄጃ የሚቀራችሁ የመኪናው መንገድ ብቻ ነው፣ ያውም በጨለማ። መኪና ያላችሁ ደግሞ ባትሪውን አስመርምሩ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ባትሪ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ጎማም እንደዚያው ነው፣ የሙቀት ወቅት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራችሁ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ማግኘት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ጭምር፣ የት እንዳለና እንዴት እንደሚዘጋ ይወቅ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ጉዱ የሚታየው ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ነው፣ ወለሉ በውሃ ሲጥለቀለቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለጥቂት ቀን እንኳ ስትሄዱ ማሞቂያውን አታጥፉ። ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አታውርዱት። በጣም በሚበርድ ሌሊት በውጭው ግድግዳ በኩል ያለውን የማዕድ ቤት ቁም ሳጥን በር ክፍት አድርጉ፣ የቤቱ ሙቀት ለቧንቧው ይድረስ፤ ቧንቧውንም ክር በምታክል ውሃ አፍስሱት።

ሻጋታን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የእኛው እንፋሎት ነው። ከምግቡ፣ ከሻወሩ፣ ከትንፋሻችን የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ዕቃውን ከውጭው ግድግዳ አራቅ አድርጉት፣ የማዕድ ቤቱንና የሻወሩን አየር ማስወጫ ማራገቢያ አብሩ፣ በቀን ሁለቴ መስኮቱን ለአምስት ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ ዝጉት። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ቤቱን ያቀዘቅዛል እንጂ ብዙም አይጠቅም።

ይቺን ግን እባካችሁ አደራ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ከሰል ወይም ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። የጋዝ ምድጃ ከፍታችሁ ቤት አታሙቁ። መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስታችሁ አታቁሙ፣ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም። የመኪናው ጭስ ማውጫ በበረዶ ተደፍኖ እንደሆነም ሳታዩ ሞተር አታስነሱ። መኝታ ክፍል አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር፤ አከራዩ ካላስገባ ራሳችሁ ግዙ፣ ዋጋው ከባድ አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ መጀመሪያ ወጡ፣ ከዚያ የድንገተኛ አደጋ ስልክ ደውሉ።

ጸጥታውም ዝግጅት ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል፣ መንገድ ላይ ሰው አይታይም፣ ብቻውን ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ። ብርዱ ሳይጠና የጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩና ተዋወቁ። ቆሻሻ የሚነሳው መቼ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚጠረግ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው፤ መብራት የጠፋ ሌሊትም ደርሰው የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። ቀን ቀን ደግሞ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ውጡ።

ዕቃ የምታስገቡት በብርዱ ከሆነ ጠዋት መጀመሪያ ደረጃው ላይ ጨው ወይም አሸዋ በትኑ፣ ሶፋ ተሸክሞ ግግር በረዶ ላይ መውጣት ቀልድ አይደለም። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ከቀዝቃዛ መኪና እንደወረዱ አይሰኩ። ውስጣቸው ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይቆዩ፣ ሲሞቁና ሲደርቁ ታበሯቸዋላችሁ።