«ምን ላንብብ?» ብሎ ለመጣ አንባቢ መጽሐፍ እንዴት ይጠቆማል

ላይብረሪ ውስጥ ለምትሰሩ፣ በትምህርት ቤት ወይ በቀበሌ የንባብ ክፍል በበጎ ፈቃድ ለምታግዙ ሁሉ ነው ይሄን የምፅፈው። ስራችን መጽሐፍ ማዋስና መመለስ፣ መዝገብ መሙላት፣ «ድምፅ ቀንሱ» ማለት ብቻ ተደርጎ ይታያል፣ ግን አንድ ሰው መጥቶ «ምን ላንብብ?» ሲል የምንሰጠው መልስ ነው ያ ሰው ደግሞ መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው። ጎንደር እኮ ፋሲል ግቢ ውስጥ የፃድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመባት ከተማ ናት። ዛሬ ወደ ንባብ ክፍሎቻችን ብትገቡ ግን ወንበሩን የሞላው ሃንድአውቱን ይዞ የመጣ ተማሪ ነው፣ ማጥናቱ ደስ ይላል፣ ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ግን አቧራ ለብሶ ይውላል፣ ያን ልጅና ያን መደርደሪያ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መደርደሪያችሁን እወቁ

ሁሉንም መጽሐፍ ማንበብ አይቻልም፣ ማንም አይጠብቅባችሁም። ስራ ቀዝቀዝ ሲል አራት አምስት መጽሐፍ አውጡና የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ከመሀል ጥቂት ገፅ፣ የጀርባ ሽፋኑን አንብቡ፣ ከዛ ደብተር ላይ ፃፉ። የምትፅፉት ታሪኩ ምን እንደሆነ አይደለም፣ እሱን ጀርባው ላይ ታገኙታላችሁ። የምትፅፉት መጽሐፉ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ነው፦ ይሮጣል ወይስ ቀስ ይላል፣ ያስቃል ወይስ ሆድ ያባባል፣ አማርኛው የዛሬ ነው ወይስ የቆየ፣ ስንት ገፅ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው ወይ (ዓይናቸው ለደከመ አንባቢ ይሄ ከምንም በላይ ነው)፣ የጎደለ ገፅ አለው ወይ። የመጨረሻው ገፅ የተቀደደበት ልብወለድ የደረሰው ሰው ሁለተኛ ጊዜ አያምናችሁም፣ ስለዚህ ይሄን ቀድማችሁ እዩ።

ኮምፒውተር ካለ ኤክሴል ላይ አድርጉት ግን መብራት ሲሄድም የሚከፈተው ደብተሩ ስለሆነ ደብተሩን አትተዉ። ብዙ ላይብረሪ መጽሐፍን በየርዕሰ ጉዳዩ በሚከፍለው በዴዊ ቁጥር ነው የሚደረድረው፣ 800 ስነ ፅሁፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ምናምን፣ ይሄ መጽሐፉን ፈልጎ ለማግኘት በጣም ይረዳል ግን ሆድ የሚያባባውን ሆድ ከሚያባባው ጋ አያስቀምጥላችሁም። ያንን የሚያደርገው የናንተ ደብተር ነው።

ወሬውን መጀመር

እኛ ጋ ሰው ጠረጴዛ ድረስ መጥቶ መጠየቅ ያፍራል፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ። መደርደሪያው ጋ ቆሞ አንዱን አውጥቶ መልሶ ሲያስገባ ካያችሁ ከወንበራችሁ ተነሱና ሂዱ፣ ከሩቅ አትጥሩት። «ምን ፈልገህ ነው?» ከተባለ «አይ ዝም ብዬ ነው» ብሎ ይወጣል። ለትልቅ ሰው «ጋሼ ላግዝዎት?»፣ ለእናት «እናቴ የሚፈልጉት አለ?»፣ ለልጅ «ወንድሜ ምን አይነት ነገር ልፈልግልህ?» ብትሉ ይበቃል፣ ዋናው ነገር ድምፁ ነው።

ከዛ የምትጠይቁት ጥያቄ ወሳኝ ነው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ካላችሁ ወይ «ማንኛውንም» ወይ «ታሪክ» ይላችኋል፣ ታሪክ ያለው ሰው ደሞ ስለ ነገስታት የተጠና ነገር ይሁን፣ ታሪካዊ ልብወለድ ይሁን፣ የአንድ ጀኔራል ግለ ታሪክ ይሁን አታውቁም። እኔ ሁሌም የምመክረው እንዲህ ነው፦ «እስቲ እስካሁን ካነበብከው በጣም የወደድከውን አንድ ንገረኝ፣ ምኑ ነው የያዘህ?» ከዛ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሰው ስለወደደው መጽሐፍ ሲያወራ የሚፈልገውን ሁሉ ራሱ ይነግራችኋል፣ መሀል ገብታችሁ «እኔ ደሞ...» ካላችሁ ግን ወሬው የናንተ ይሆናል።

ምንም አንብቦ የማያውቅም አለ፣ እሱን መጽሐፍ አትጠይቁት፣ የወደደውን ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ በሬዲዮ የሰማውን ትረካ ጠይቁት፣ መልሱ ለስራችሁ እኩል ይጠቅማል።

አራቱ በሮች

ናንሲ ፐርል የምትባል ሲያትል ላይ ብዙ ዘመን የሰራች አሜሪካዊት ላይብረሪያን አለች፣ አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባው በአራት በር ነው ትላለች፦ በታሪኩ፣ በገፀ ባህሪው፣ በቦታውና በዘመኑ፣ በቋንቋው። አንድ መጽሐፍ አራቱም በር ሊኖረው ይችላል፣ ግን አንባቢው የገባበት አንዱ ይበልጣል፣ እናንተ ያንን ነው የምትፈልጉት።

ሁላችንም በምናውቀው ላሳያችሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሀዲስ አለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን ወደድኩት የሚሉ አራት ሰዎች መጡ እንበል። አንደኛዋ «በዛብህና ሰብለ ምን ይሆኑ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» ካለች የገባችው በታሪኩ ነው፣ ለሷ የፍቅር ጉዳዩ ልብ የሚያንጠለጥል ሌላ ልብወለድ ስጧት፣ ለምሳሌ የሲሳይ ንጉሡን ሰመመን፣ ዘመኑና ቦታው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ ሌላ ቢሆንም እሷ የምትፈልገው ጭንቀት እዛም አለ። ሁለተኛው «ጉዱ ካሣ!» ብሎ ከጀመረና ሌላ ነገር ካላወራ ገፀ ባህሪ ነው የያዘው፣ ከማህበረሰቡ ጋ የሚከራከር፣ የልቡን የሚናገር ሰው ነው የሚፈልገው፣ ለሱ የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ ማሳየት ይቻላል፣ ግን ንባቡ ከበድ እንደሚል አስቀድማችሁ ንገሩት። ሶስተኛው ስለ ባላባቱ ቤት፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ገበሬው ኑሮ የሚያወራ ከሆነ እሱን ልብወለድ መደርደሪያ ላይ ብቻ አታስቀሩት፣ የዛ ዘመን ሰዎች የፃፉትን ግለ ታሪክ፣ ስለ ርስትና ጉልት የተፃፈ የታሪክ መጽሐፍ አምጡለት፣ ደስ ብሎት ነው የሚወስደው።

አራተኛው ጎንደር ላይ በብዛት የምታገኙት ነው። ቅኔ ቤት ያለፉ፣ ወይ አባታቸው መሪጌታ የነበሩ ሰዎች አሉ፣ አንድ አረፍተ ነገር መርጠው ደጋግመው ይሉላችኋል። እነሱን የያዛቸው ቋንቋው ነው። ለነሱ ፈጣን ታሪክ ብትሰጡ ይሰለቻቸዋል፣ ግጥም፣ የቅኔ መድበል፣ በቆየ አማርኛ የተፃፈ ዜና መዋዕል ስጡ፣ ቀስ ብለው ያጣጥሙታል። ከነሱ ጋ ትንሽ ብታወሩ ደሞ ለደብተራችሁ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ፣ እውቀታቸው ከኛ ይበልጣል።

ስለ ቴዎድሮስ ለሚጠይቅ

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ቋራ ቅርባችን ስለሆነና ጥያቄው በየጊዜው ስለሚመጣ ነው። «የቴዎድሮስ መጽሐፍ አለ?» ሲባል እጃችሁ የነካውን አትስጡ። ጎንደር የተወለደው ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባን ፅፏል፣ አጭር አጭር አረፍተ ነገር፣ ቶሎ የሚነበብ፣ ለወጣት ጥሩ ነው። የአቤ ጉበኛ አንድ ለእናቱ ደሞ ጊዜ ሰጥቶ ለሚያነብ ነው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት አለው፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ለሚወድ፣ ለትምህርት ቤት ድራማ ክበብ። ልብወለድ አልፈልግም፣ የሆነውን ነው የምፈልገው ላለ የጳውሎስ ኞኞ አጤ ቴዎድሮስ አለ። ንጉሱ አንድ ነው ንባቡ ግን አራት አይነት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ ልብወለድ ነው ወይስ እውነተኛውን ታሪክ? ቶሎ የሚያልቅ ነው ወይስ ረዘም ያለ?

አቀራረቡ

አንድ መጽሐፍ ብቻ አትስጡ፣ ትዕዛዝ ይመስላል። አስርም አትቆልሉ፣ ግራ ይገባዋል። ሁለት ወይ ሶስት ጥሩ ነው፣ ቢቻል አንዱ ከወደደው ጋ በጣም የሚቀራረብ፣ አንዱ ትንሽ ወጣ ያለ። ስለ እያንዳንዱ ሁለት አረፍተ ነገር ተናገሩና ጠረጴዛ ላይ ትታችሁለት ዞር በሉ፣ ፊቱ ቆማችሁ ከጠበቃችሁት እናንተን ላለማስቀየም ብሎ ይወስድና ሳያነበው ይመልሰዋል፣ ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። መጨረሻውን በጭራሽ አትንገሩ። «ይሄን ሳታነብማ አንብቤያለሁ አትበል» የሚባለውንም ተዉ፣ ሰውን ያሳንሳል።

ካልወደደው መመለስ እንደሚችል በግልፅ ንገሩት። ናንሲ ፐርል ለዚህም ደንብ አላት፦ 50 ገፅ ሞክር፣ ካልያዘህ ተወው፣ እድሜህ ከ50 በላይ ከሆነ ደሞ ከ100 ላይ እድሜህን ቀንስና የቀረውን ያህል ገፅ ብቻ ሞክር፣ የ70 ዓመት ሰው 30 ገፅ ይበቃዋል ማለት ነው። ይሄን ስትነግሯቸው ጡረታ የወጡ አንባቢዎች ፊታቸው ይፈካል፣ መጽሐፍ መጀመር ግዴታ ውስጥ መግባት ይመስላቸው የነበረ ብዙ ናቸውና።

የተጠየቀው ከሌለ

የኛ ትልቁ ችግር ይሄ ነው። መደርደሪያው ትንሽ ነው፣ ተወዳጁ መጽሐፍ አንድ ኮፒ ነው፣ እሱም ወጥቷል ወይ ጠፍቷል። «የለም» ብላችሁ አትዝጉት። ህንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ህጎች ውስጥ «ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው» የሚሉ ሁለት አሉ፣ ሁለተኛው ለኛ ትንሽ መደርደሪያ የተፃፈ ነው የሚመስለኝ። የሌለውን የጠየቀ ሰው መደርደሪያችሁ ላይ ማንም ያልነካውን መጽሐፍ የሚያገኝበት ጥሩ አጋጣሚ ነው። «እሱ ወጥቷል፣ ስምህን ወረፋ ላይ ልፃፍ፣ እስከዛ ግን ምኑን ነበር የፈለከው?» በሉና ወደ አራቱ በሮች ተመለሱ። ወረፋውን ደሞ በእውነት ያዙ፣ መጽሐፉ ሲመለስ ደውሉ።

ከመጽሐፍ ውጪ ያለውም ስራችን ነው

ማየት ለተሳናቸው፣ ማንበብ ለሚከብዳቸው፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ለሚውል ልጅ ትረካ ጠቁሙ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር ሰምቶ ወደ መጽሐፉ የመጣ ሰው ብዙ ነው፣ የሰማ ሰው አላነበበም ብላችሁ አትናቁት። ታሪክ ለሚወድ ዘጋቢ ፊልም፣ ስራ ለሚፈልግ የሙያ ቪዲዮ፣ የትኛው ታማኝ እንደሆነ አይታችሁ ነው የምትጠቁሙት።

ቴሌግራም ላይ ስላለው ፒዲኤፍ ግን ጠንከር በሉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት የደራሲ መብት በህይወት እያለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በ1931 ዓ.ም. ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ስራዎች ጊዜያቸው አልፏል፣ ባለፈው ዓመት የታተመ ልብወለድ ግን ስካን ተደርጎ ሲዞር እኛ ላይብረሪያኖች አንልከውም፣ ደራሲው በሱ ነው የሚኖረው።

የምትጠነቀቁባቸው

በነጠላ ወይ በሂጃብ አይታችሁ መጽሐፍ አትምረጡ፣ ጠይቁ። ነጠላ የለበሱት እናት የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ሊፈልጉ ይችላሉ። አንዱ የወሰደውን ለሌላው አትንገሩ፣ ጎንደር ላይ ሰው ይተዋወቃል፣ ስለ ፍቺ ወይ ስለ ኤችአይቪ መጽሐፍ የወሰደች ሴት ስሟ ከናንተ አፍ ከወጣ ጥፋቱ ትልቅ ነው፣ የተዋሰበትን መዝገብም ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ እንዲውል አታድርጉ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪን በፈተና ሰሞን አትወትውቱት፣ አጫጭር ልብወለድ የያዘ መድበል ብቻ አሳዩት፣ አንዱን በእረፍት ሰዓት ይጨርሰዋል። ልጅ ከወላጅ ጋ ከመጣ ወላጁ «ትምህርታዊ የሆነ» ይላል፣ ልጁ ደሞ ስዕል ያለውን ያያል፣ ሁለቱንም ስጡ፣ ግን ስታወሩ ዓይናችሁ ልጁ ላይ ይሁን።

ሲመልስ

«ጨረስከው?» አትበሉ፣ ፈተና ይመስላል። «እንዴት አገኘኸው?» በሉ። አልወደድኩትም ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ምኑ እንዳልተመቸው ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ፃፉት፣ ቀጣዩን የምትመርጡለት ከዛ ነው። እሺ ካለ ስሙን ሳይፅፍ በትንሽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስተያየት እንዲፅፍና መጽሐፉ ውስጥ እንዲተው ጠይቁት፣ ቀጣዩ አንባቢ ከኛ ወሬ ይልቅ ያንን ያምናል። የተመለሱትን መጻሕፍት ደሞ ቶሎ ወደ መደርደሪያ አትመልሱ፣ በር አካባቢ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን ይዋሉ፣ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ መጠየቅ የሚያፍረው ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው እዛ ላይ ነው።